ከአንድ ኮት ሥር

ሚስትህ ተኝታ ምን ትመስላለች ቢሉት፣ ፖስታ የሚሉት ሰው የሚመልሰው አልነበረውም።

ጥያቄውን ያነሳው ቀጮ ነው፤ እንደ ልማዱ ለቀልድ። የውሃ መሥሪያ ቤቱ ቆጣሪ አንባቢዎች ጠዋት ደጃፉ ላይ ተሰብስበው የጫማቸውን ክር እያጠበቁ ሳለ፣ «ፖስታ፣ እስቲ በሞቴ ንገረኝ፤ ጠብታ ስትተኛ ታንኮራፋለች?» አለው።

«እኔ ምን አውቃለሁ!»

«እንዴት አታውቅም? የምታድረው ከጎረቤት ጋር ነው እንዴ?»

ሁሉም ሳቁ። ፖስታም አብሮ ሳቀ። ነገሩ ግን ጫማ ውስጥ እንደገባ ጠጠር ቀኑን ሙሉ ሲቆረቁረው ዋለ። እውነትም አያውቅም። ማታ ራሱን ትራስ ላይ ሲያሳርፍ ጠብታ ወይ የነገውን የሥራ መንገድ በጣቷ ጠረጴዛ ላይ እየሳለች ነው፣ ወይ የተቀደደ ኪስ እየሰፋች። ጠዋት ዓይኑን ሲገልጥ ደግሞ ለብሳ፣ ተጫምታ፣ መስኮቱ አጠገብ ቆማ ያገኛታል። በመካከል ያለውን ሰዓት የት እንደምታደርሰው እግዜር ይወቀው።

ጠብታ የሚለውን ስም ያወጣላት ሰፈሩ ነው። ቁመቷ አጭር፣ እጇ ትንሽ ነው። ነገር ግን ጠብታ ውሃ ድንጋይ ይበሳል እንዲሉ፣ የያዘችውን ሳትጨርስ አትለቅም። አባቷ ልብስ ሰፊ ነበር። በልጅነቷ የምትውለው በመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር፣ ከቁርጥራጭ ጨርቅና ከወዳደቀ አዝራር ጋር ነው። ከአባቷ የወረሰችው ሁለት ነገር ነበር ማለት ይቻላል። አንዱ አባባል ነው፤ «ክር የገባበት መርፌ ልብሱ ሳያልቅ አይፈታም።» ሁለተኛው ኮት ነው።

ቆጣሪ ለማንበብ የተቀጠረች ዕለት ሥራው የወንዶች ብቻ ነበር። የቆጣሪው ጉድጓድ የብረት ክዳን ከባድ ነው፣ ውሾች አሉ፣ አጥር ለአጥር መዞር አለ። ከነባሮቹ አንዱ ከላይ እስከ ታች አያት። ከታች እስከ ላይ ለማየትማ ብዙም አልነበረም።

«እህቴ፣ ይህን ክዳን በምን ልታነሺው ነው?»

«በመንጠቆ ነዋ» አለች። «እናንተ በጥርሳችሁ ነው እንዴ የምታነሱት?»

ከዚያ በኋላ ስለ ክዳን የጠየቃት የለም። አባቷም በዚያው ሳምንት ኮቱን ሰፍቶ ሰጣት። ጥቁር፣ ወፍራም፣ ውስጡም በጥቁር ጨርቅ የተገበረ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቷ የሚደርስ ኮት ነበር። ስትለብሰው እጇ ጠፋ።

«አባዬ፣ ይሄ እኮ ሁለት ሰው ይይዛል!»

«እንግዲያው ሁለተኛውን ፈልጊዋ» አላት ሽማግሌው፣ መርፌውን ከከንፈሩ ሳያወጣ።

ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ መሥሪያ ቤቱ ወረቀቱን ትቶ የእጅ ኮምፒውተር አስመጣ። ጡብ የሚያህል ሆኖ መዳፍ ላይ የሚያርፍ፣ በትንሽ ዘንግ የሚነካ መሣሪያ ነው። አንባቢው ቁጥሩን ያስገባበታል፤ ማታ ቢሮ ሲመለስ ቻርጀሩ ላይ ያስቀምጠዋል። ባትሪው ጨርሶ ከደረቀ ግን ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ ይህን ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ማታ ማታ ቻርጅ ሳያደርግ የሚሄድም አልነበረም። በመሣሪያው ግንባር ላይ እንደ ጥቁር ብርጭቆ ያለች ነጥብ ነበረች። ኢንፍራሬድ ይሉታል፤ አንባቢዎቹ «ዓይን» አሏት። ሁለት መሣሪያ ዓይን ለዓይን ገጥመው ሳይነቃነቁ ከቆዩ፣ የአንዱ ንባብ ያለ ሽቦ ወደ ሌላው ይሻገራል።

ኮረብታው ሰፈር ከቢሮው ሩቅ ስለሆነ፣ እኩለ ቀን ላይ አንድ ሰው ሽቅብ እየወጣ የአንባቢዎቹን ሁሉ ንባብ በራሱ መሣሪያ ተቀብሎ ይወርዳል ተባለ። የዚህ ሰው ስም ፖስታ ሆነ።

ችግሩ ፀሐይ ነበር። በቀትር ብርሃን ዓይኖቹ ይታወራሉ። ሁለቱን መሣሪያ አፍንጫ ለአፍንጫ ብታነካካቸውም አይተዋወቁም። አንባቢዎቹ ጥላ ፍለጋ ከግድግዳ ግድግዳ ሲንከራተቱ ጠብታ ኮቷን አወለቀች፣ እንደ ድንኳን ራሷ ላይ ጣለችው፣ «ግባ» አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ በኮረብታው መንገድ ላይ በቀትር ሁለት ሰው በአንድ ኮት ሥር አንገት ለአንገት ተጣብቆ፣ አራት እግር ብቻ ወጥቶ ማየት የተለመደ ሆነ። አላፊ አግዳሚው መጀመሪያ ይስቅ ነበር። አንዲት አሮጊት አንድ ቀን ጠጋ ብለው፣ «ልጆቼ፣ ምን ጠፍቶባችሁ ነው? ፋኖስ ላምጣላችሁ?» ብለዋቸዋል።

ፖስታ መጀመሪያ ኮቱ ሥር የገባ ዕለት እጁ ተንቀጠቀጠ። ውስጡ ጨለማ ነው። የልብስ ሰፊ ጠመኔ ይሸታል፤ ከመሣሪያዎቹ ብርሃን ሌላ የሚታይ የለም፣ ከአገጯ በቀር። ንባቡ ግማሽ ሄዶ ተቋረጠ። እንደገና ሞከሩ፤ እንደገና ተቋረጠ።

«ዝም ብለህ ቁም» አለችው። «አልበላህም።»

ቆመ። ሳይውል ሳያድር ተጋቡ። ሽማግሌው ልብስ ሰፊ ሙሽራውን አገላብጦ አየውና፣ «ልኩ ነው» አለ፤ ሌላ ንግግር አላደረገም።

እንዲህ ሲኖሩ ሳለ አዲሶቹ መሣሪያዎች መጡ። ዓይኗ እንደ ቀድሞው አለች፣ ባትሪው ሲደርቅ መርሳታቸውም አልቀረም፤ መስታወታቸው ግን ባለ ቀለም ነው፤ ጎናቸው ላይ ካርድ የሚገባበት ስንጥቅ አለ። ካርዱ ሲሰካ ጫፉ ላይ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም እያለ አየር ላይ ያለ መረብ ይፈልጋል። ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣው ወጣት መሐንዲስ ኮረብታው አናት ላይ ካለው የውሃ ታንከር ራስ ነጭ ሣጥን ተከለ። ታንከሩ ሥር ቆሞ ካርዱን የሰካ ሰው ንባቡን በአየር ወደ ቢሮው መላክ ይችላል፤ እግር አያስፈልግም።

«ካርዱን ታንከሩ ጋ ስትደርሱ ብቻ ስኩት» አለ መሐንዲሱ። «በመንገድ ላይ አውጡት። መረብ በሌለበት ሲፈልግ ባትሪውን ይጨርሰዋል።»

ጠብታ ሰማችው። አንገቷንም ነቀነቀች።

ሥራ አስኪያጁ የሙከራውን ቀን ሲቆርጥ የትኛው ሰፈር ይጀምር ብሎ ጠየቀ። አንባቢው ሁሉ የጫማውን አፍንጫ አየ። ጠብታ ቀና ብላ፣ «ኮረብታው» አለች። «እኔ አስተባብራለሁ። ከኮረብታው አንድ ቤት ሳይቀር እስከ ዘጠኝ ሰዓት በአየር ይገባላችኋል።»

«ካልገባስ?»

«ካልገባ አስተባባሪነቱን ለፈለጋችሁት ስጡት። እኔ ክዳን ማንሳት አልረሳሁም።» ቀጥላም፣ «ተመላላሽ ሰው ከእንግዲህ አያስፈልገንም» አለች።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ፖስታ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ተመላላሹ እሱ ነው። በሰው ፊት፣ በገዛ ሚስቱ አፍ፣ ሳይጠየቅ ሥራው ሲታጠፍ አየ። በማግሥቱ ዕቃ ቤት ገብቶ ቻርጀሮቹን ይጠብቅ ዘንድ ተመደበ።

ማታ ቤት ሲገቡ፣ «ምነው ዝም አልክ?» አለችው።

«ፖስታ ቀረ አላልሽም? ከእንግዲህ ወሬ በአየር ይመጣልሻል።»

ከዚያ ወዲህ ሆድና ጀርባ ሆኑ። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል፤ እሷም ይቅርታ የሚባለውን ቃል ከማንም ተምራ አታውቅም። ኩርፊያው ሲሰነብት ቤቱ ውስጥ የሚናገረው የበሩ ማጠፊያ ብቻ ሆነ።

የሙከራው ቀን ማለዳ ፖስታ የነቃ መስሎ ሳይታይ በአንድ ዓይኑ ተመለከታት። መሣሪያዋን በቀበቶዋ አጠለቀች፣ መንጠቆዋን ያዘች፣ ኮቱ ወደተሰቀለበት ምስማር እጇን ሰደደች። ከዚያ እጇን መለሰች። ኮት ለምን ያስፈልጋታል? ዓይን ለዓይን መግጠም ቀርቷል። በሩን በቀስታ ዘግታ ወጣች።

ኮረብታው ሥር ቡድኗን ሰብስባ ካርዶቹን አደለች። ቀጮ ካርዱን ኪሱ ሊከት ሲል እጁን ያዘችው።

«ስካው።»

«ልጁ እኮ ታንከሩ ጋ ነው ያለን።»

«ስማኝ፣ ቀጮ። አሁን መሰካት፣ አሁን መንቀል፣ እንደገና መሰካት… የካርዱ ጥርስ ይሰበራል። ክር የገባበት መርፌ ልብሱ ሳያልቅ አይፈታም። ሁላችሁም ስኩና እንሂድ። ደግሞስ ሰው ይይልን፤ እስከ መቼ ከኮት ሥር እየወጣን እንታያለን?»

ጥርሱ ይሰበራል ያለችው ከልቧ ነው፤ ሰው ይይልን ያለችውም ከልቧ ነው። አረንጓዴ መብራታቸውን ብልጭ ድርግም እያደረጉ በየመንገዱ ተበተኑ። ልጆች እየተከተሉ «መብራቱን አሳዩን!» ሲሉ ዋሉ። ኮረብታው ግን ገደላገደልና ግንብ የበዛበት ነው፤ ከአብዛኛው ቤት ደጃፍ ታንከሩ አይታይም። ካርዶቹ የማይገኘውን መረብ ሲፈልጉ፣ ሲፈልጉ፣ ባትሪውን ጠጡት። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው፤ ማንም ልብ አላለውም።

እኩለ ቀን ላይ ቢሮው ውስጥ ሥራ አስኪያጁና መሐንዲሱ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠው መስታወቱን ይመለከታሉ። ባዶ ነው። ፖስታ ከዕቃ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ከትከሻቸው በላይ ያያል። መስታወቱ ባዶ ሆኖ በቆየ ቁጥር ደረቱ ውስጥ አንድ ነገር «እሰይ!» አለ። ሰማው። ገዛ ልቡ ነው እንዲህ ያለው። አፈረና ዓይኑን ወደ ቻርጀሮቹ መለሰ። እዚያ አንድ ትርፍ መሣሪያ፣ ሆዱ እስኪሞላ ቻርጅ ሆኖ፣ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል።

ስልኩ ጮኸ። ከታንከሩ ዘበኛ ቤት ነው። ሥራ አስኪያጁ አዳመጠና ዘጋው።

«ጠብታ ናት። ‹እየመጣ ነው፣ እየመጣ ነው› ትላለች።»

«ሁለት ጊዜ?» አለ ፖስታ።

«ምን ሁለት ጊዜ?»

«‹እየመጣ ነው› ያለችው ሁለት ጊዜ ነው?»

«አዎ፤ ምን አለበት?»

ጠብታ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ አትልም። እስከ ዛሬ አንዴ ብቻ ብላ ታውቃለች፤ አባቷ ታሞ ሐኪም ቤት ሳለ፣ «ይድናል፣ ይድናል» ያለች ጊዜ። ሽማግሌው አልዳነም።

ትርፉን መሣሪያ ከቻርጀሩ ላይ ነቅሎ ካርዱን ለብቻው ኪሱ ከተተና፣ «ጉልበቴን ላፍታታ» ብሎ ወጣ። በቤቱ በኩል ሲያልፍ በሩን ከፍቶ ከምስማሩ ላይ ኮቱን አወረደ። ለምን እንዳወረደው ሲጠየቅ፣ ፀሐዩን አይቼ ነው ይላል። ፀሐዩ እውነትም አናት ይበሳ ነበር። በዚያ ፀሐይ ያን ወፍራም ጥቁር ኮት ተሸክሞ፣ ቀኝ ጉልበቱ እንደ ወትሮው በየእርምጃው እየወጋው፣ ሽቅብ ወጣ።

ታንከሩ ግርጌ ቡድኑ የዘበኛውን አግዳሚ ወንበር ከቦ ቆሟል። ወንበሩ ላይ መሣሪያዎቹ ተደርድረው ተኝተዋል፤ የታመመ ልጅ ያስተኙ ይመስላሉ። ካርዶቹ ወጥተው ለብቻ ተቆልለዋል። ጠብታ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ትመለከታቸዋለች።

«ይኸው ፖስታ መጣ!» አሉ ሽማግሌው ዘበኛ። «እኔ ደግሞ ፖስታ በአየር ሆኗል ሲሉ ሰምቼ ነበር።»

«አባባ፣ አየሩ ደክሞት ነው» አለ ቀጮ። ወደ ፖስታ ዞሮም ነገሩን አስረዳው። ካርዱን ሰክተው ሊልኩ ሲሉ መሣሪያዎቹ ሁሉ «ባትሪው ለካርዱ አይበቃም» ብለው እምቢ አሉ። ቁጥሩን ወረቀት ላይ እንገልብጥ ብለው ሲጀምሩ የቀጮ መስታወት ተንሰፈሰፈ፤ ደንግጠው ሁሉንም አጠፉ። ቻርጀሮቹ ታች ናቸው። ትንሽ ቢቆዩ ጨርሰው ይደርቃሉ፣ የጠዋቱ ልፋት ሁሉ ውሃ ይበላዋል። «‹ለፖስታ ደውይለት› ብዬአት ነበር። ‹የራሱ ሥራ አለው› አለች።»

ጠብታ ቀና ብላ ባሏን አየችው። ከዚያ ክንዱ ላይ ያለውን ኮት አየችው። ኮቱን ተቀብላ ራሷ ላይ ጣለችውና አንዱን ጫፍ ከፍ አድርጋ ያዘች።

ፖስታ ጎንበስ ብሎ ገባ።

ዓይን ከካርድ ጋር አይተካከልም፤ የሚበላው ጥቂት ነው። ደክሞት ሊሞት የተቃረበ መሣሪያ እንኳ ለዓይን የሚሆን አያጣም። ቀጮ ከውጭ መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ ያቀብላቸዋል፤ ጠብታ ትይዛለች፤ ፖስታ በትርፉ ይቀበላል። ውስጡ እንደ ድሮው ጨለማ ነው፤ እንደ ድሮው ጠመኔ ጠመኔ ይላል። የመጀመሪያው ተሻገረ። ሁለተኛው ሊያልቅ ሲል የፖስታ እጅ ከሽቅቡ ድካም የተነሳ ተንቀጠቀጠ።

«ዝም ብለህ ቁም» አለች በሹክሹክታ።

ከኩርፊያው ወዲህ የመጀመሪያ ቃሏ ነው።

«አልበላህም ብለሽ ነበር» አለ። «ይኸው በልተሽኛል።»

ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ተው አታስቀኝ! ይቋረጣል!»

«እኔ ምን አልኩ?»

«ዝም በል አልኩህ እኮ!»

ተቋረጠ። እንደገና ጀመሩ፤ አለፈ። ከውጭ ቀጮ፣ «እናንተ፣ እዚያ ውስጥ ሥራ ነው ወይስ ጫጉላ?» ሲል ሽማግሌው ዘበኛ፣ «ተዋቸው፤ ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል» አሉት።

ጠብታ የራሷን መሣሪያ ለመጨረሻ አስቀርታው ነበር። ፖስታ ሁለት ጊዜ ያንቺን አምጪ ቢላት፣ «የሰው ይቅደም» አለችው። የሁሉም ካለቀ በኋላ የራሷን አብርታ ዓይን ለዓይን ገጠመችው። መስታወቱ ላይ የመሻገሪያው መስመር ግማሽ ሄደ። ከግማሽም አለፈ። ከዚያ መስታወቱ ግራጫ ሆነ፣ ጨለመ፣ ኮቱ ውስጥ የአንድ መሣሪያ ብርሃን ብቻ ቀረ።

ጠብታ ማብሪያውን ተጫነችው፤ አልበራም።

«ጠፋ» አለች።

ከኮቱ ወጡ። ፖስታ ካርዱን ከኪሱ አውጥቶ ትርፉ መሣሪያ ላይ ሰካው። አረንጓዴው መብራት ጥቂት ብልጭ ድርግም ካለ በኋላ ረግቶ በራ። ላኩት። ብዙ ሳይቆይ የዘበኛው ስልክ ጮኸ፤ የሥራ አስኪያጁ ድምፅ እስከ ውጭ ይሰማል።

«ገባ! ገባ! ሁሉም ገባ! …ቆይ፤ የቁልቁለቱ መንገድ ንባብ የለም። እሱ የማን ነው?»

«የእኔ ነው» አለች ጠብታ። «ከዘጠኝ በፊት ይገባል።»

አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያለችው። ፖስታ ልብ ብሎ ሰማ፤ አልደገመችውም። መንጠቆዋን ከእጇ ወሰደና ቀድሟት ወደ ቁልቁለቱ ወረደ።

እሱ ክዳን ያነሳል፤ እሷ ጎንበስ ብላ ታነብና ትርፉ መሣሪያ ላይ ታስገባለች። ካርዱን ደረት ኪሷ ከታ አዝራሩን ቆልፋበታለች። የግቢ ባለቤቶች ይገረማሉ።

«እንዴ፣ ጠዋት አልመጣሽም ነበር?»

«ጠዋት ለትውውቅ ነበር፤ አሁን ለሥራ ነው» ትላለች። በሩ ሲዘጋ ግን ለራሷ፣ «የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል» አለች። «ያ ልጅ አውጡት ብሎን ነበር።»

ፖስታ አንድ ክዳን መልሶ ገጠመና ቀና አለ። «እኔንስ? ለምን ሳትጠይቂኝ ነው በሰው ፊት ተመላላሽ አያስፈልግም ያልሽው?»

«ብጠይቅህ ምን ትለኝ ነበር?»

«እምቢ።»

«ታዲያ!»

«ታዲያ ምን? እምቢ ማለት የእኔ አይደለም?»

የሚቀጥለው ቤት ደጃፍ ድረስ ተራመደች። ከዚያ ቆመች።

«ያንተ ነው» አለች። «መጠየቅ ነበረብኝ። እምቢ ትለኛለህ ብዬ ፈርቼ ነው።»

ፈራሁ የሚለውን ቃል ከሷ ሰምቶ አያውቅም።

«ምን አስፈራሽ?»

«ጉልበትህ። ሌሊት ጉልበትህ ያቃስታል።»

«ጉልበት ያቃስታል እንዴ? የሚያቃስት ሰው ነው።»

«አንተማ ተኝተሃል። እንግዲህ የሚያቃስተው ጉልበትህ ነዋ! ሲያቃስት አሸዋለሁ፤ ሳሸው ዝም ይላል፤ ስተወው ይጀምራል። ጠዋት ደግሞ ተነስተህ፣ ‹ዛሬ ቀለል ብሎኛል፣ አየሩ ተስማምቶኝ ነው› ትላለህ።»

ፖስታ መንጠቆውን ተደግፎ ቆመ። እውነትም ይላል። በየጠዋቱ ይላል። አየሩን ስንት ጊዜ አመስግኗል!

«በኩርፊያው ሰሞንስ?» አለ በመጨረሻ። «ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ሳለ?»

«ፊትህ ነው እንጂ የዞረው፤ ጉልበትህ ከእኔ ጋር አልተጣላም።»

ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ቁጥሩን እያነበበች ነበር። «ክዳኑን መልስ» አለችው። «ሰዓት የለንም።»

ከመንገዱ ጫፍ ደርሰው ሲመለሱ ሽቅቡን አብረው ወጡ፤ እሷ መሣሪያውን፣ እሱ መንጠቆውን ይዘው። ቀጮ ከሩቅ ሲያያቸው አጨበጨበ። ጠብታ ታንከሩ ሥር ቆማ የደረት ኪሷን አዝራር ፈታች፣ ካርዱን አወጣች፣ ሰካችው። መብራቱ ረጋ። ላከችው። ዘበኛው ስልኩን እስከ ደጃፍ ድረስ ሽቦውን ጎትተው አመጡላት።

«ገባ» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ከኮረብታው የጎደለ የለም። ገና ዘጠኝ አልሞላም። ምን ሆናችሁ ነበር ግን?»

ፖስታ አንድ ሰበብ ትፈልጋለች ብሎ ጠበቀ። እሷ ግን ቀጥ ብላ ቆማ፣ ንባብ እንደምታስመዘግብ ሆና ተናገረች። «መሐንዲሱ ልክ ነበር። ካርዱን በመንገድ አውጡት ብሎን ነበር፤ አትንቀሉት ያልኩ እኔ ነኝ። ባትሪው አለቀ። የቀረውን በዓይን ሰብስበን በአየር ላክነው። ነገ ካርዱ ኪስ ውስጥ ይሆናል፣ ኮረብታው ይሠራል። አስተባባሪነቱን ከሌላ ሰው እንዳትፈልጉ።»

ከወዲያ በኩል የሥራ አስኪያጁ ሳቅ ተሰማ። «ማን ፈለገ! ያንቺው ነው። ሌላ የጎደለሽ ነገር አለ?»

«ትርፍ መሣሪያ ይዞ በቀትር ወደዚህ የሚወጣ ሰው ያስፈልገናል። ከመሥሪያ ቤቱ ዕቃ ጫኝ መኪና ጋር፤ በእግር አይደለም። ሰውም አለኝ።» ፖስታን አየችው። «ግን መጀመሪያ ልጠይቀው።»

ስልኩን ዘጋች። ቡድኑ ሁሉ ወሬውን ትቶ ወደ ፖስታ ዞረ።

«ትሠራዋለህ?» አለችው።

ፖስታ አገጩን አሻሸ። ታንከሩን አየ፣ ቁልቁለቱን አየ፣ ሰማዩንም አየ። እንዲህ በሰው ፊት ተጠይቆ አያውቅም፤ ቶሎ ቢመልስ የሚያልቅበት መሰለው።

«እስቲ ላስብበት» አለ።

«ኧረ የልብ ልብ ተሰማው!» አለ ቀጮ።

ጠብታ ራሷን ነቀነቀችና ዘበኛው ወንበር ላይ፣ ጀርባዋን ለታንከሩ ቀዝቃዛ ግድግዳ ሰጥታ ተቀመጠች። ቀጮ መሣሪያዎቹን ወደ ከረጢት እየከተተ የቀትሩን ፍርሃት ይተርካል፤ ሽማግሌው ዘበኛ የስልኩን ሽቦ እየጠቀለሉ ይስቃሉ። ፖስታ ካርዶቹን ሰብስቦ ቆጥሮ አስረከበ። ቆይቶ፣ ይበቃታል አሁን ልንገራት ብሎ ዞረ።

«እሺ፣ እሠራዋለሁ» አላት።

አልመለሰችም። አገጯ ደረቷ ላይ አርፏል። ትናንሽ እጆቿ መዳፋቸውን ወደ ላይ አድርገው ጭኗ ላይ ተከፍተዋል፤ ልክ መሣሪያው ገና እንዳለባቸው። ግንባሯ ላይ ሁልጊዜ የሚያየው መስመር የለም። አፏ ጥቂት ገርበብ ብሎ ሲያያት የልብስ ሰፊው ትንሽ ልጅ ትመስላለች፤ በመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ከአዝራሮቿ ጋር እንዳለች።

ቀጮ በጣቱ ጫፍ እየተራመደ መጣና ጆሮውን አቀና። «ፖስታ! ይሄ የምሰማው…»

«አንተ ምንም አልሰማህም» አለው ፖስታ።

ኮቱን አንስቶ ከአንገቷ እስከ ጫማዋ አለበሳት፤ ገና የሚተርፍ ነበረው። በተረፈው ሥር ጉልበቱን አስገብቶ አጠገቧ ተቀመጠና ግድግዳው ላይ ያለውን የዘበኛውን ሰዓት ቀና ብሎ አየ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ነበር።